አያ ደርሶ ሳትረግፍ ያነሳት አበባ

ዛሬ ጠዋት ልጄ መስኮት ላይ ያለውን የአበባ ጣሳ ውኃ አጠጣችና ስልኳን አበባው ላይ ደቅና ታነሳው ጀመር። አርባ ጊዜ ሳታነሳው አልቀረችም፤ አበባው መታወቂያ ሊያወጣ ነው እንዴ ያሰኛል። እኔን ግን የረጠበው አፈር ሽታ ይዞኝ ነጎደ፤ ጎንደር ፒያሳ፣ አያ ደርሶ ፎቶ ቤት።

የአያ ደርሶ መነጽር ከመወፈሩ የተነሳ ጎንደር ቁጭ ብሎ የደባርቅን ፍየል ጢም ይቆጥርበታል እንል ነበር። ሲያወልቀው ከገዛ በሩ ጋር ይላተማል። ቤቱ የፊልም ማጠቢያ መድኃኒትና ያረጀ መጋረጃ ይሸታል። ፍላሽ አይወድም፤ ደንበኛውን ሁሉ መስኮት ሥር በርጩማ ላይ አስቀምጦ ፀሐይን ይለማመጣል።

ልጅ ሳለሁ ለሚኒስትሪ ፈተና መመዝገቢያ እሱ ዘንድ ጉርድ ፎቶ ተነሳሁ። የእኔ ጉርድ ካለበት ፊልም የቀረችው አንዲት ፎቶ ብቻ ነበረች፤ እሷ ሳትነሳ ደግሞ ፊልሙ አይታጠብም። ያቺን ለእትዬ ነፊሳ ቃል ገብቶላቸዋል።

እትዬ ነፊሳ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። በዚያ ሰሞን የሞቱት ባላቸው በዕድሜያቸው ካሜራ ፊት ቆመው አያውቁም፤ "መልኬን ፈጣሪ ያውቀዋል" ባይ ነበሩ። የተረፋቸው ነገር ቢኖር ባላቸው ከአዲ አርቃይ በማኪና አምጥተው በዘይት ጣሳ የተከሉላቸው ቀይ አበባ ነው። የእሱም ሥር በስብሶ፣ የፈካች አንዲት አበባ ብቻ ቀርታ ነበር።

"ፊቱ የለኝም፤ ይቺ ሳትረግፍ አንሳልኝ" አሉት።

ሰማዩ ያለ ወሩ ዳመነ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። ምዝገባው ሊዘጋ ነው፤ እኛ በሩ ላይ እንንጫጫለን።

"አያ ደርሶ፣ በፍላሽ አንሳትና ገላግለን!" አልኩት።

"ምነው፣ ሐዘንተኛ በጥፊ ልምታ?"

"ፈተናው ሊያመልጠኝ ነው!"

"አንተ ለከርሞም ትፈተናለህ። ይቺ ለከርሞ የለችም።"

እንደዚያን ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ደመናው ተሰነጠቀ። አያ ደርሶ ጣሳውን በርጩማው ላይ አስቀመጠ፤ መነጽሩን አውልቆ ካሜራው ፊት ያዘው። ትንሹን ነገር የሚያጎላለት ያ ወፍራም መስታወት ነው። እሱ ራሱ ግን ሰውና ግድግዳ መለየት አቃተው።

"እትዬ ነፊሳ፣ እርስዎ ይዩልኝ። ጥርት ሲል ይጫኑት።"

"እኔ? ብነቀንቀውስ?"

"ካሜራው ሦስት እግር አለው፤ አይፍሩ።"

ዓይናቸውን አስጠጉ። እሱ መነጽሩን ወደፊት፣ ወደኋላ ያደርጋል። ስንጮህ የነበርነው ሁሉ ለማየት በሩ ላይ ተጋፋን።

"ቅጠሏ ጸጉር አላት" አሉ በሹክሹክታ። "ይህን ሁሉ ዘመን ሳጠጣት አላየሁትም።" ከዚያ ጠቅ።

"ቅላቷ ይወጣል?" አሉት ቀና ብለው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው።

"ቅላቷን እርስዎ ያውቁታል። እኔ የቀረውን ልስጥዎ።"

አበባዋ ሳምንት አልቆየችም። የእኔ ጉርድ በመጨረሻዋ ሰዓት ደረሰ፤ የፈተናውን ውጤት ግን አትጠይቁኝ።

አያ ደርሶ ከሞተ ቆየ፤ ፎቶ ቤቱም ዛሬ የስልክ ሱቅ ነው። ባለፈው ሳምንት የእትዬ ነፊሳ የልጅ ልጅ ሱቅ ጨርቅ ልገዛ ገባሁ። ከቤተሰቡ ፎቶዎች መሀል ያቺ አበባ ተሰቅላለች፤ የቅጠሏ ጸጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። አጠገቤ የቆመ ገበያተኛ ቀና ብሎ አያትና፣ "ይቺ ምንድን ናት?" አለ።

የልጅ ልጃቸው ጨርቅ መለካቱን ሳያቋርጥ መለሰለት።

"ወንድ አያታችን ናቸው።"