ተረቱ የሚቋረጥባት ደቂቃ

ልጅ ሳለሁ እንደ ኦቦ ደበላ የሚያናድደኝ ሰው ጌዶ ውስጥ አልነበረም። ጎረቤታችን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በድሬሰርነት ቁስል ሲያጥቡና ሕፃን ሲያክሙ ኖረው፣ መንግሥት በተለወጠ ማግስት ጡረታ ወጥተው ቤታቸው የተቀመጡ ረጅም ሽማግሌ። ሲመሽ የሰፈር ልጆች ምድጃቸው ዳር እንሰበሰባለን፤ ኩራዙ ይንቀጠቀጣል፣ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን ያቃጥላል፣ እሳቸውም ኦሮምኛውን ከአማርኛው እያቀላቀሉ ተረት ይጀምሩልናል። ይጀምሩልናል ነው ያልኩት። መጨረስ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር።

ተረታቸው አንድ ነው። ጭልሞ ጫካ ውስጥ አንድ ዝንጀሮ ሐኪም ነኝ ብሎ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ሚዳቋ እግሯ ወልቆ መጣች፤ ቅርፊት ልጦ ሰጣት። ጅብ ሆዱ ተነፍቶ መጣ፤ ያንኑ ቅርፊት ሰጠው። ጃርት ጥርሷን አሟት መጣች፤ ያንኑ ቅርፊት። በመጨረሻ አንበሳው እያሳለ መጣ። እዚህ ሲደርሱ ኦቦ ደበላ ዝም ይላሉ። ማሰሪያው የተበጠሰ የእጅ ሰዓት ከኪሳቸው ያወጡና፣ ከመካከላችን ያሳለውን ልጅ ልብሱን ገለብ አድርገው ሆዱ ላይ ያፈጥጣሉ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። «ከዚያስ?» ያለ ልጅ «ጨሊሲ» ይባላል፤ ጸጥ በል ማለታቸው ነው። ቆይተው ሰዓቱን ኪሳቸው ይመልሱና ወደየቤታችሁ ይሉናል። አንበሳው እንዳሳለ ይቀራል። እኔ ያኔ የተረቱ መጨረሻ የጠፋባቸው፣ ሰዓቱንም ለማስመሰያ የሚያወጡት ይመስለኝ ነበር።

እማዬ ደግሞ በሌላ ነገር ነበር የምትቃጠልባቸው። ድሬሰር ጎረቤት ያለው ሰው መርፌ ይጠብቃል፤ እሳቸው መርፌ ቀርቶ ክኒን እንኳ እንደዋዛ አይሰጡም። ሁለት ዓመት የሆነው ወንድሜ በረከት ማሳል ሲጀምር ይዛው ሄደች። ኦቦ ደበላ ዝንጀሮውን ተርከው፣ አንበሳው ጋ ቆመው፣ ሆዱ ላይ አፍጥጠው ሲያበቁ ጉንፋን ነው አሏት። ፈሳሽ ስጪው፣ አፍንጫውን አጽጂለት፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ግን ሳትውይ ሳታድሪ አምጪው ብለው ባዶ እጇን ሸኟት። እማዬ መንገዱን ሙሉ አጉረመረመች።

በማዶ የምትኖረው እትዬ አስካለ፣ የሰፈሩን በሽታ ሁሉ ከሐኪም ቀድማ የምታውቀው ሴት፣ ይህን ስትሰማ «ተረት ሰጥተው ሰደዱሽ በይኛ» አለቻት። ከዚያ በሦስተኛው ቀን የበረከትን አፍ በማንኪያ ከፍታ በበሩ ብርሃን አየችና እንጥሉ ወርዷል፣ ሳሉ የሚለቀው እሱ ሲቆረጥ ነው ብላ ፈረደች። በማግስቱ ገበያ ነው፤ እንጥል ቆራጩ ከገጠር ይመጣል፤ እኔው ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ አለች። እማዬ እሺ አለች። ወንድሜ ጠዋት ምላጭ ሊገባበት ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ፣ እንዴት ያለሁ ልጅ እንደነበርኩ ተመልከቱ፣ ሐሳቤ አንበሳው ላይ ነበር።

የዚያን ዕለት ፀሐይ እንደጠለቀች እማዬ በረከትን አዝላ፣ በእጇ ገል ይዛ፣ እሳት ልትጭር ኦቦ ደበላ ቤት መጣች። ልታሳክመው አልነበረም፤ አኩርፋቸዋለች። እኔ ቀድሜ ምድጃው ዳር ተቀምጬአለሁ። ፍሙን ገሏ ላይ አድርጋ ልትወጣ ስትል ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ ጀርባዋ አዘነበሉና፣ አውርጂው፣ ጭንሽ ላይ አስቀምጪው አሏት። በረከት ይነጫነጫል። እሳቸውም ያንኑ ዝንጀሮ ጀመሩ፤ ሚዳቋ፣ ጅብ፣ ጃርት። ልጁ አፋቸውን እያየ ዝም አለ። አንበሳው እያሳለ መጣ። ሰዓቱ ወጣ።

እኔም በዚያች ሰዓት በቃኝ። «አንበሳውስ ምን ሆነ?» ብዬ ጮህኩ። በረከት ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ። እማዬ ጭኔን ስትቆነጥጠኝ እኔም አለቀስኩ። ኦቦ ደበላ አልተቆጡም። ልጅ እያለቀሰ የተቆጠረ ዋጋ የለውም አሉና ሰዓቱን መልሰው፣ ከሚዳቋዋ፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ያኔ ነበር ሲቆጥሩ እንደኖሩ የገባኝ። ከንፈራቸውን አየሁ፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ ይላል። የሚቆጥሩት የወንድሜን ሆድ ከፍ ማለት ነበር። ጨርሰው አንድ ጊዜ ደገሙ። ከዚያ ኩራዙን አቅርበው ከጎድን አጥንቱ በታች፣ በተነፈሰ ቁጥር ወደ ውስጥ የምትሰረጉደውን ቦታ በጣታቸው አሳዩአት።

«አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» አሏት።

እማዬ ነደደች። «ኦቦ ደበላ፣ ባለፈው ምንም አይደለም ብለው አልነበረም እንዴ የመለሱኝ? ዛሬ ምን ተገኘ? ደግሞ ነገ እንጥሉን ሊቆርጡለት ነው።»

«ያኔ ሠላሳ ነበር፤ አሁን አምሳ ሁለት ነው» አሉ። «አስካለ ጉሮሮውን አየች። በሽታው ሳንባው ላይ ነው። ስለ ምላጩ ደርሰሽ ስትመለሺ ትጨቃጨቂያለሽ፤ ተነሽ።»

እማዬ ገሏን መሬት ላይ ትታ ወጣች። ኦቦ ደበላም በዚያ ረጅም እግራቸው ተከተሏት። እኔ ፍሙ አመድ እስኪለብስ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ፤ አንበሳውን የሚነግረኝ ሰው የለም፣ ጭኔም ያቃጥለኛል።

ተረኛዋ ነርስ እንደሳቸው ቆጥራ መርፌ ጀመረችለት፤ አንድ ቀን ቢያድር ኖሮ አይተርፍም ነበር ብላቸዋለች። በማግስቱ እትዬ አስካለ ቆራጩን ይዛ መጥታ የተዘጋ በር አንኳኩታ ተመለሰች። በረከት በሳምንቱ ጓሮ ውስጥ ዶሮ እያባረረ ነበር።

ሰፈራችን ከዚህ ሁሉ ምን የተማረ ይመስላችኋል? ቆጠራውን? የለም። መርፌውን። ለካ ሳል በመርፌ ይለቃል ተብሎ፣ አፍንጫው የረጠበ ልጅ ሁሉ ታዝሎ ኦቦ ደበላ በር ላይ ተሰለፈ። ፊት ላይ የቆመችው እትዬ አስካለ ነበረች፤ ስለ እንጥል አንዴም ሰምታ የማታውቅ ትመስል ነበር። እሳቸው አንድ በአንድ ቆጥረው ሲመልሷቸው፣ ለሰው አዳልተው እኛን ነፈጉን ተባሉ።

ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ የማነብ ሰው ነኝ። ካደግሁ በኋላ ለጤና ሠራተኞች የተዘጋጀ አንድ መመሪያ እጄ ገብቶ ሳገላብጥ፣ የሚያስል ሕፃን ጸጥ ባለበት ትንፋሹ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠር የሚል አገኘሁ። በያኔው የበረከት ዕድሜ ላለ ልጅ አርባ ከደረሰ ፈጣን ነው ይላል። ጸጥ ማሰኛው ተረት ብቻ አልተጻፈም። ወረቀቱን ይዤ ኦቦ ደበላ ጋ ሄድኩ፤ አርጅተው ጋቢ ውስጥ ጠፍተዋል። አንበሳው ግን ምን ሆነ አልኳቸው። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «እኔ ምን አውቄ። ደቂቃዋ እዚያ ላይ ታልቃለች።» ስንት ዓመት የጠበቅሁት መልስ ይኸው ነው።

በረከት አምቦ ገብቶ ወለደ። ሁለት ዓመት ያለፋት ልጁ ስታስል አንድ ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ነጭ ጋወን የለበሰው ልጅ ቀና ብሎ ሳያያት ደም ትስጥ አለ፤ ቆይቶ ታይፎይድና ታይፈስ ብሎ ጻፈ። ከእኛ በፊት ለገቡት ወገቡን ላመመው ሰውዬም፣ ራሷን ላመማት ሴትዮም የጻፈው ያንኑ ነው። ትንፋሿን አትቆጥርም ወይ ስለው፣ ማዘርዬ ዘመኑ የላብራቶሪ ነው አለኝ። ዝንጀሮው ጭልሞን ለቅቆ አምቦ ገብቷል ማለት ነው።

ቤት ወስጄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ሚዳቋ፣ ጅብ፣ ጃርት። አንበሳው እያሳለ ሲመጣ ዝም ብዬ ሹራቧን ገለብ አደረግሁ። ሠላሳ አንድ። ደገምኩ፤ ሠላሳ ሁለት። የምትሰረጉድ ቦታ የለም። አፍንጫዋን አጸዳሁላት፤ ነገም ከነገ ወዲያም እቆጥራለሁ። «አንበሳውስ?» እያለች ደረቴን ትደበድበኛለች። ትናደድ። አባቷ የተረፈው እዚያው ላይ ነው።