ሳይጨርስ የሳቁለት ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ኮኪት በምትባል የቆላ ከተማ አጠገብ ባለ የሰሊጥ እርሻ የአጫጆች አለቃ ነበር። ያኔ ሥራ ሲፈታ፣ የማሽላው አገዳ ፍም ጥሎ ጭሱ ትንኙን ሲያባርር፣ ከጎጃምና ከወሎ የመጡት አጫጆች ላባቸው ሳይደርቅ ከበውት «እስቲ ጋሼ፣ ጅቡን ያምጡልን» ይሉት ነበር። ጅብና ዝንጀሮ ሰሊጥ አጨዳ በኮንትራት የያዙበት ተረት ነው። ጅቡ ተኝቶ ከርሞ፣ ፍሬው ረግፎ ካለቀ በኋላ ባዶውን አገዳ ተሸክሞ የእርሻው ባለቤት ደጅ ይቆማል። ባለቤቱ ያለውን አባቴ ወዲያው አይናገርም፤ ፋኖሱን ዝቅ አድርጎ ሰዉን ያስጨንቃል።

አምና ነገር መርሳት ሲያበዛ ጎንደር ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ መሆኑን፣ ገና ጅማሬው መሆኑን ነገረን። አባቴ በመልሱ መንገድ፣ ሸሕዲ መናኸሪያ ስንደርስ «ጅማሬ ከሆነማ ሥራ አለኝ» ብሎ ከሚኒባሱ ወረደ።

ዘንድሮ የሰሊጡ ነዶ ቆሞ ደርቆ ሊራገፍ ሲል፣ ፍሬው የሚያርፍበት ሸራ ሳይነጠፍ «ገልብጡት» አለ። አለቃ ነውና ገለበጡት። ሰሊጡ የጥቁሩ መሬት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ባለ እርሻው አልተቆጣም፤ «ጋሼ፣ ትንሽ ይረፉ» ብሎ የውሃ በርሜል ጠባቂ አደረገው።

ይህን ሰምቼ የምነዳውን ባጃጅ አቁሜ ወደ እርሻው ሄድኩ። ማታ አጫጆቹ እንዳይከፋው ብለው ጅቡን ጠየቁት። ጅቡን ባለቤቱ ደጅ ድረስ አምጥቶ ፋኖሱን ዝቅ አደረገ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ ግን አልመጣለትም። አንድ የወሎ ልጅ ተረቱ ያለቀ ይመስል ከት ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

«ምን ያስቃችኋል? አልጨረስኩም እኮ።»

«ገብቶናል ጋሼ፣ በሳቅ ሆዳችንን አቆሰሉት» አለ ልጁ።

«እሺ፣ ባለቤቱ ምን አለው? ንገረኛ።»

ልጁ እሳቱን መቆስቆስ ጀመረ። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንተም እንዳትነግራቸው። ይመጣልኛል፣ ጠብቁ።»

ጠበቅን። ፍሙ አመድ ለበሰ። አጫጆቹ ነገ ሥራ አለ እያሉ አንድ በአንድ ተነሡ፤ እሱ ግን ተቀምጦ ቀረ፣ እኔም አጠገቡ።

አሁን በርሜሉን ለምዶታል፣ ተረት ግን አያወራም። እኔ ውስጥ የቀረው የዚያን ማታ ሳቅ ነው። ሰድበውት ቢሆን ከትምህርት ቤት ወጥቼ በባጃጅ ሥራ የተማርኩት የስድብ አፍ አለኝ፣ መልስ አላጣም ነበር። አዝነው ለሳቁለት ሰዎች ምን ይባላል?