ቲቸር ማሪያማ ነጠላ አዘቅዝቀው የመጡ ቀን

ካሊፎርኒያ ሳን ሊያንድሮ፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ኦክላንድ ካለው የፓርኪንግ ሥራዋ እስክትመለስ የምቆየው ከእኛ በታች ባለው አፓርትመንት ቲቸር ማሪያማ ዘንድ ነበር። ቲቸር ህንዳዊት ናቸው፤ ህንድ ስል ግን ዝም ብሎ ህንድ አይደለም፣ ከደቡቡ ከኬረላ፣ ማላያሊ ከሚባለው ሕዝብ፣ ያውም እንደኛው ኦርቶዶክስ። ደሴ ብዙ ዘመን ሒሳብ ስላስተማሩ አማርኛቸው ከእኔ ይሻል ነበር።

ሲመሽ በኮኮናት ዘይት የሚነድ የናስ መቅረዝ ያበሩና የቴምብር አልበማቸውን ይገልጣሉ፤ ያኔ ጣቴ ያረፈበት ቴምብር ተረት ይሆናል፣ ተረቱም የሚያልቀው የመቅረዙ ክር ከስሞ ፍሙ ብቻ ሲቀርና ጭሱ አፍንጫዬን ሲያሳክከኝ ነው። ከሁሉ የምወደው አንዲት የኬረላ ሙሽራ የተሣለችበትን ቴምብር ነበር። የማላያሊ ክርስቲያን ሙሽራ የድሮ ልብስ ነጭ ሸሚዝና ነጭ ሽርጥ ነው፤ በላዩ ጠርዙ በወርቅ ክር የተሠራ፣ ቁርጥ የኛን ነጠላ የሚመስል ጨርቅ ይጣላል። የሽርጡ ጫፍ ከኋላ እንደ ማራገቢያ ይታጠፋል፤ ዋናው ውበት እሱ ሆኖ ሳለ ሠዓሊው ከፊት ስለሣላት አይታይም። «የቴምብር ጀርባ ምን አለው? ሙጫ» ይሉ ነበር ቲቸር በንዴት። ከዚያ ጀልባ ላይ እጥፋቷ ተፈትቶባት ሰርጉን ሙሉ ግድግዳ ተደግፋ ስለጨረሰችው ሙሽራ ይነግሩኛል።

የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘርፌ ልጃቸውን ሲድሩ ቲቸርም ተጠሩ። ኦክላንድ የሰርጉ አዳራሽ በር ላይ ልክ እንደ ቴምብሯ ሙሽራ ለብሰው፣ የወርቁን ጥለት ወደ ላይ አንገታቸው ሥር አድርገው ብቅ አሉ። ታውቁታላችሁ፣ ግን ላስረዳ፤ እኛ ዘንድ ጥለቱን ወደ አንገት አዘቅዝቆ የሚለብስ ሐዘንተኛ ነው።

«ማን ሞቶብዎት ነው?» አሉ እትዬ ዘርፌ፣ እጃቸውን በሩ ላይ ዘርግተው።

«ማንም። የራሴ የሰርግ ልብስ ነው።»

«ልጄ ላይ ለቅሶ ይዘው አይገቡም። ይገልብጡት።»

«አልገለብጥም።»

መሀላቸው ገብቼ ስለ ኬረላ፣ ስለ ሙሽሮቹ፣ ስለ ቴምብሩ አከታትዬ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ከድንጋጤዬ ብዛት በእንግሊዝኛ። «ሺ ዳዝንት ኖው፣ እትዬ!»

«ደሴ ጸጉራቸው እስኪሸብት ኖረው አያውቁም? ይህችን ፈረንጅ ሰብስቢልኝ» አሏት እናቴን። ቲቸር ጥለቱን ሳይገለብጡ ተመለሱ።

መኪና ውስጥ እናቴ «አላወቅሁም ካሉ እኔ አስታርቃለሁ። አውቀው ከሆነ ግን እዚያ ቤት አትገቢም» አለችኝ። በማግስቱ አብረን ወረድን። ቲቸር በሩን እንደከፈቱ እናቴን ቀድሜ፣

«ቲቸር፣ አያውቁም ነበር አይደል?» አልኩ።

«አውቃለሁ እንጂ» አሉ። «ደሴ ሰው እንዳይከፋው ዘመኔን ሁሉ ገልብጬ ለበስኩ። አገራችሁ ነው፣ ደንባችሁ ነው አልኩ። እዚህስ? ካሊፎርኒያም የእትዬ ዘርፌ ናት?»

«አላወቅሁም ይበሉ። በቃ፣ እንደሱ ብቻ ይበሉ።»

«አንቺ ልጅ፣ ያን ሁሉ ዓመት አስተማሪ ሆኜ አላወቅሁም ልበል? አልልም።»

«ሰማሽ?» አለች እናቴ፣ እኔን ሳይሆን ኮሪደሩን እያየች። እጄን ይዛኝ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ፍሪሞንት ያለች ቤቢሲተር ዘንድ ቴሌቪዥን ሳይ አደግኩ፣ ቲቸርንም ደረጃ ላይ ስንገናኝ እናቴ ሰላም እንዳልላቸው ክንዴን ትቆነጥጠኝ ነበር። እናቴንም እትዬንም ለዚህ ይቅር አላልኳቸውም፤ በቲቸርም ላይ ቢሆን፣ እውነቱን ልናገር፣ ቂም አለኝ፤ አንድ ቃል ነበር የለመንኳቸው።

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ልብስ ላይብረሪ ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ የወርቅ ክሩ እንዴት እንደሚሸመን፣ እጥፋቱ እንዴት እንደሚያዝ፣ ጠያቂ ካገኘሁ እስኪሰለቸው አስረዳለሁ። ታሪኩን ስጨርስ ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ «አይ፣ አለመግባባት ነው» ይለኛል። ደሜ ይፈላል። ሁለቱ ሴቶች እኮ በደንብ ተግባብተው ነበር፤ እዚያ በር ላይ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።