ለሁሉም የደረሰው ቀሚስ

መጠበቅ የሚባል ነገር አልችልም። ሻይ ሳይበርድልኝ ስለምጠጣ ምላሴ ዘወትር እንደተላጠ ነው። እናቴ "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ስትለኝ እንኳ ተረቱን እስክትጨርስ አልጠብቅም።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ደንበኞቿ ልብሳቸው መድረሱን በስልክ የሚያዩበትን ድረ ገጽ ፒኤችፒ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የሠራሁላት እኔ ነኝ። ገጹ ሲንቀራፈፍ አንጀቴ አረረና ገጹን ወደ ደንበኞቿ ስልክ የሚልክ አዲስ ሰርቨር አዘጋጀሁ፤ ካሽም ጨመርኩበት። ካሽ ማለት ሰርቨሩ አንዴ የሠራውን ገጽ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ጠያቂ ያንኑ የሚሰጥበት ዘዴ ነው። የእህቴ ደንበኛ በሆነችው በአክስቴ ስም ገብቼ ስሞክረው በቅጽበት ከተፍ አለ። ደረቴን ነፍቼ ተኛሁ። የየሰዉን የግል ገጽ ከካሹ ማስቀረት ነበረብኝ፤ ግን ማን ቆሞ ያስባል?

በማግስቱ ስፌት ቤቱ በሰው ተጨናነቀ። አንድ ጺማም አናጢ ስልኩን ለእህቴ ዘረጋላትና ጮክ ብሎ አነበበ፦ "የእርስዎ ሐምራዊ ቀሚስ ደርሷል። ወገቡ ላይ ዳግመኛ ጨርቅ ተጨምሮበታል።" ከኋላው የቆሙትም ያንኑ ቀሚስ ሊወስዱ የመጡ ናቸው። ለካስ ሰርቨሩ የአክስቴን ገጽ ለገባው ሁሉ ሲያድል አድሯል።

አክስቴ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም ሰምታለች።

"ፍጥነቱን ግን አየሽው?" አልኳት። አፌም እንደ እጄ ችኩል ነው።

"አየሁት እንጂ የኔ ልጅ" አለች ቀሚሷን እያጣጠፈች። "ጎረቤቶቼ እንኳ ይህን አምተው ለማዳረስ ሳምንት ይፈጅባቸው ነበር።"