ዋስ ከጠፋ ቱሳን ጥሩት

ባሌን አልጠላውም፤ ወላሂ አልጠላውም። ግን ልቤን አውልቆታል። አሰላ ከብት ገበያ አጠገብ ፉሩሽካ እንሸጣለን። እዚያ ከብት በተሸጠ ቁጥር ገዢው «የተሰረቀ እንዳይሆን ዋስ ጥራ» ይላል። ሻጩ የሚያውቀው ሰው ካለው ይጠራል፤ ከሌለው ወዴት ያያል? ወደኛ ሱቅ! ቱሳ እጁን አራግፎ ይወጣና «እኔ አውቀዋለሁ» ይላል፤ በቃ፣ ሽያጩ አለቀ። ከዲክሲስ የመጣውን ያውቀዋል፣ ከጮሌ የመጣውን ያውቀዋል። አንዴ ሻይ አብሮት ከጠጣማ ጨርሶ ወንድሙ ነው!

«አንተ ሰውዬ፣ ከዚህ ምን ታገኛለህ?» እለዋለሁ።

«ታዲያ ከብቱን እየጎተተ ይመለስ? መንገዱ እኮ ሩቅ ነው» ይለኛል። እኔ እቃጠላለሁ፣ እሱ ራቱን ይበላል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የፈራሁት ደረሰ። ቱሳ ዋስ ሆኖ ያሻሻጣት አንዲት ላም ነበረች። ሻጩ ከኛ ፉሩሽካ ሊገዛ ሲመጣ ቀልድ የሚያወራልን ሰውዬ ነው፤ በቀልዱ አመነው። ገዢው ደግሞ ኢርሻድ የሚባል የዚሁ ከተማ ነጋዴ። ከጢቾ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከነምስክሮቿ መጥታ «ላሜን ሰርቀውኛል፣ ይቺውና» አለች። እውነትም የሷ ነበረች። ላሚቱ ወደ ባለቤቷ ተመለሰች፣ ቀልደኛው ሰውዬ ስልኩን ዘግቶ ጠፋ፣ ኢርሻድ ባዶ ገመድ ይዞ ቀረ። ሻጩ ካልተገኘ የሚተካው ዋሱ ነው፤ ደንቡ ይሄ ነው። ያለችን ላም ደግሞ ቡሬ ብቻ ናት። የልጆቼ ወተት ከሷ፣ ለደንበኞቼ የማቀርበው ቅቤ ከሷ። ያ ረቢ!

የኋላውን ክፍላችንን የተከራየው አሰግድ፣ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ሊያጽናናኝ ብቅ አለ። ማጽናናቱን ስሙልኝ!

«እትዬ ፋጡ፣ እንዲህ ተሰርቆ ወይም ተዘርፎ የተወሰደ ንብረት በእንግሊዝኛ ሉት ይባላል» አለኝ።

«ይባላ! እኔ ምን ላድርገው?»

«የሚገርመው ቃሉ የራሳቸው አይደለም። ህንዶች ናቸው ዘረፋን ሉት የሚሉት። እንግሊዞች ህንድን ሲገዙ፣ ሲዘርፉ ቃሉን ሰሙት፤ ከዕቃው ጋር እሱንም ይዘውት አገራቸው ገቡ። ይኸው እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።»

ያን ያህል ብው ብዬ እያለሁ ሳቄ መጣ። «ታዲያ ህንዶቹ ቃላችንን መልሱ አላሉም? ዋሱ ማን ነበር?»

«ምን ዋስ አለው፣ እትዬ!»

«አየህ ቲቸር፣ ዓለም ያለ ዋስ ዘርፎ ይኖራል። ለሌባ ሁሉ ደረቱን የሚሰጠው የኔ ባል ብቻ ነው!»

ሽማግሌ በተቀመጠ ቀን ጠዋት ቱሳን ለመንኩት። «ወረቀት የለም፣ ኢርሻድም ሌላ ምስክር የለውም። ዋስ አልሆንኩም በል፤ ቡሬ ትቅርልን» አልኩት። ሻዩን ጨልጦ ተነሳ። እሺ ማለቱ ነው ብዬ ቆጠርኩት፤ የኔ ነገር!

ሽማግሌዎቹ ከሱቃችን ፊት ለፊት ባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጡ። «ቱሳ፣ ለሰውየው ዋስ ነበርክ ወይ?» አሉት ሀጂ ሰኢድ።

«ነበርኩ» አለ።

አንዲት ቃል! «ነበርኩ፣ ግን» እንኳን የለም። ቡሬ ለኢርሻድ ትሰጥ ተብሎ ተፈረደ። በእልህ ራሴ ፈትቼ አመጣኋት። ኢርሻድ ገመዱን ሊይዝ እጁን ዘርግቶ ቆም አለና «አባቶቼ፣ አንዴ ተበልቻለሁ። የዚችንም ዋስ ጥሩልኝ» አላለም መሰላችሁ? ልፈነዳ! ግን ምን ይባላል፣ ደንብ ነው፤ ሻጭ ለራሱ ዋስ አይሆንም።

ሀጂ ሰኢድ ዙሪያውን አዩ። ቱሳ ዋስ ሆኖላቸው ከብት የሸጡ ሰዎች እዚያው ተኮልኩለዋል። አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ ጫማውን ያራግፋል፣ አንዱ ያለ ጉንፋኑ ያስላል። ዋስነት ቱሳን ምን እንዳደረገው አይተዋላ! ባሌ አንገቱን ደፋ። ሲያፍር አይቼው አላውቅም ነበር። ለስንቱ የቆመ ሰው፣ ለሱ የሚቆምለት ይጥፋ?

«እኔ ዋስ ነኝ!» አልኩ።

«ሚስት ለባሏ?» አለ አንዱ ደላላ እየሳቀ።

«ለባሌ አይደለም፣ ለላሚቱ ነው! ስትወለድ በእነዚህ እጆቼ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። የተሰረቀች ላሜ ናት የሚል ከመጣ እኔን ጠይቁኝ። አንተ ባለፈው በሬህን የሸጥከው በማን ዋስነት ነበር? ደግሞ ትስቃለህ፣ አታፍርም?»

ሳቁን ዋጠው። «ይበቃል» አሉ ሀጂ ሰኢድ፣ «ዋሷ ፋጡ ናት።» ኢርሻድ ቡሬን ነድቶ በአስፋልቱ ወረደ፤ ከዓይኔ እስክትጠፋ አየኋት።

ሰዉ ሲበተን ቱሳ ጠጋ አለኝ። ያመሰግነኛል፣ ቢያንስ ይቅር በይኝ ይለኛል ብዬ እጠብቃለሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከልቡ ተጨንቆ፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ፋጡ፣ ዋስ መሆን እኮ ቀልድ አይደለም። ደህና አድርገሽ አስበሽበታል?»