የበዛው የአጎቴ ደም

በሽታውን «ደም ብዛት» ብሎ የሰየመውን ሰው ባገኘው፣ አጎቴን አጠገቡ አስቀምጬ «አስረዳልኝ» እለው ነበር። አጎቴ ስሙን እንዳለ ነው የተረዱት፤ ደም በዝቷል፣ የበዛ ነገር ደግሞ ይቀነሳል። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘላቸውን ኪኒን ተዉ። ፒያሳ የደም ለጋሾች ድንኳን መተከሉን ሲሰሙ ደግሞ ሸሚዛቸውን ቀይረው ወጡ። ባለቤታቸው «ሂድ ተከተለው! ይኼ ሰውዬ ኪኒኑን ካልዋጠ አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ይወድቅብናል» ብለው ከኋላቸው ሰደዱኝ።

ነርሷ መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቅልላ ለካች። ያየችው ቁጥር አላማራትም፤ ደግማ ለካች።

«አባባ፣ ዛሬ መስጠት አይችሉም።»

«ለምን?»

«ደም ብዛት አለብዎት።»

«እሱን ላስቀንስ ነዋ የመጣሁት!»

ወረፋ የያዙት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳቁ። ነርሷ አልሳቀችም። «መድኃኒትዎን ይውሰዱ፤ ሲስተካከል ይምጡ» አለቻቸው።

ባጃጅ ተሳፍረን ስንመለስ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ሕክምና አልተማርኩም፤ ግን ሰውየው ኪኒን ካቆሙ ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነበር።

«ጋሼ፣ የበዛው ደሙ አይደለም፣ ግፊቱ ነው። አንገት ላይ ያሉ ነርቮች ግፊቱን እየለኩ ለአንጎል ግንድ ይነግሩታል። እሱም ልብን ‹ቀስ በል›፣ የደም ሥሮችን ‹ሰፋ በሉ› ይላል። ግፊቱ ከፍ ብሎ ብዙ ከቆየ ግን ግንዱ ይለምደዋል፤ ልኩ ይኼ ነው ብሎ…»

«የምን ግንድ?»

«እዚህ፣ ጭንቅላትዎ ውስጥ ያለው።»

«እኔን ነው ጭንቅላትህ ግንድ ነው የምትለኝ?»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «ወንድም፣ ትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም።»

«ሁሉም ሰው አለው እኮ! አንተም ግንድ አለህ» አልኩት።

ሾፌሩ መስታወቱን ከእኔ ላይ ወደ አጎቴ አዞረው።

ባለቤታቸው በር ላይ ጠበቁን። «ቀዱልህ?»

«እምቢ አሉኝ» አሉ አጎቴ፣ ወንበር ላይ ዘፍ ብለው። «ያንን ከሲታ ተማሪ ሁሉ እያስተኙ ሲቀዱ፣ የእኔን እምቢ! ደሜ ምን ጎድሎት ነው?»

ምን እንደሆነ ልናገር ስል ሴትዮዋ በዓይናቸው ከለከሉኝ። «ኪኒኑን ብትውጥስ?» አሏቸው፣ ነገሩ ገና የመጣላቸው መስለው።

«ያኔ ይቀበሉኛል አሉ።» አጎቴ ትንሽ አሰቡ። «ውሃ አምጪ እስቲ። ሄጄ ክንዴን ስዘረጋላቸው፣ አሁንስ ምን እንደሚሉ አያለሁ!»

ዋጡ። እኔም «ደም ከሰጡ በኋላም ግን ኪኒኑ አይቋረጥም» ለማለት አፌን ስከፍት፣ ሴትዮዋ እግሬን ረገጡኝ።