መጀመሪያ የሰነዘረው ማን ነበር?

ባለፈው ሳምንት መምህራችን የሌላ ሰው ጥናታዊ ጽሑፍ አድለውን አስተያየት እንድንጽፍበት አዘዙን። ዘንድሮ የሁለተኛ ዲግሪ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የታዘዝኩትን ተጠንቅቄ መሥራት እወዳለሁ። ጽሑፉ አባትና ልጅን አንድ ላይ አስቀምጦ ስለ እርሻ የጠየቀ ነበር። ልጁ በሁሉም ነገር ከአባቱ ጋር ተስማምቷል ይላል። ሳላስበው ኅዳጉ ላይ «መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው?» ብዬ ጻፍኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አየችና «ይሄ ደግሞ ከየት መጣልህ?» አለችኝ።

ከመካነ ሰላም፣ ከአጎቴ ግቢ ነው የመጣልኝ።

ያኔ ደሴ ታሪክ እማር ነበር። ኢንተርኔት ላይ አንድ የድሮ የጀርመን የሰይፍ መጽሐፍ አገኘሁ፤ ከነሥዕሉ፣ ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ። ሁለት ሰዎች ረጃጅም ሰይፍ ይዘው፣ እግራቸውን አንፈራጠው ይተያያሉ። ሳየው ምክቶሽ ትዝ አለኝ፤ በጥምቀት ጎረምሶች ዱላ ለዱላ የሚገጥሙበት ጨዋታ። መጽሐፉ ቀድሞ የሰነዘረ ግጥሚያውን ይመራል ባይ ነው። ይህን በሙከራ ፈትሼ፣ የጥንት አውሮፓውያንን የፍልሚያ ጥበብ ለሚያጠና አንድ የውጭ መጽሔት ልልክ ቆረጥኩ። ከጓደኞቼ አንድም የውጭ መጽሔት ላይ የጻፈ አልነበረም። አባቴማ ገና ሳልጽፈው ለሰፈሩ ሁሉ ነግሮ ጨርሷል።

ሰይፍ ከየት ይመጣል? የወይራ ዱላ ግን ሞልቷል። በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት የገጠመኝ አጎቴ ጋሽ ይመር ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ በጉብዝናቸው ዘመን በምክቶሽ ስማቸው የተነሳ። ሁለታችንም የሞተር ሳይክል ሄልሜት አጥልቀን፣ ስልኬን አጥሩ ላይ አስደግፈን ሥዕሉን እያየን እንፋለማለን። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ የገብስ ቆሎ በሰፌድ ይዘው ደጃፉ ላይ ይቀመጡና «ያ ረቢ! ልጁን ለትምህርት ብንልከው ዱላ ተምሮ መጣ!» ይላሉ። በእያንዳንዱ ዙር የጀመረው አሸነፈ። መጽሐፉ ልክ ነው ብዬ ጻፍኩና ላክሁ።

መልሱ የደረሰኝ በክረምቱ መጨረሻ፣ ደሴ ቀርቼ ልጆች ሳስጠና ነው። ገምጋሚው ሥራውን ወዶታል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ በሙከራው የሚጀምረው ማን ነበር? ተፈራርቃችኋል ወይ? ጳጉሜን ሳታልቅ ካልመለስኩ ጽሑፉ ይቀራል።

ዙሮቹን አንድ በአንድ አስታወስኩ። የጀመሩት ሁልጊዜ ጋሽ ይመር ነበሩ። ማንም አላዘዘኝም፤ እኔም ልብ አላልኩትም። እኛ ቤት ታላቅ እጁን ሳይታጠብ ታናሽ አይታጠብም፤ ታላቅ ሳይቆርስ ታናሽ አይቆርስም። ዱላውንም እንደ ማዕድ ቆጥሬው ኖሯል። የሰይፍ ጥበብ ለካሁ ስል የራሴን አስተዳደግ ለክቼ አረፍኩት።

በማግስቱ ወደ መካነ ሰላም ተሳፈርኩ። ዝናቡ መንገዱን አቡክቶት ስለነበር ከአቀስታ ወዲያ ሚኒባሱ ሲሰምጥ ወርደን ገፋን። ጭጋጉ ውስጥ ማሳው አይታይም፤ የእርጥብ ገብስ ሽታ ብቻ ይመጣል። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ደረስኩ።

ነገሩን ለጋሽ ይመር ነገርኳቸው።

«እና አሁን አንተ እኔን ልትመታኝ ነው?»

«ቀድሜ ልሰነዝር ነው፣ ጋሼ።»

«ያው ነው።»

እትዬ ዘውዴ «በል እንግዲህ፣ ስለ እኔም አንዷን ጨምርበት!» እያሉ እየሳቁ ከጓዳ ወጡ።

ሄልሜታችንን አጠለቅን፤ ዱላዬን አነሳሁ። እጄ አየር ላይ ቀረ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ።

«ዝንብ ነው የምታባርረው?» አሉኝ። «ያን ሁሉ ጭቃ የረገጥከው ልትሽኮረመም ነው?»

ጥርሴን ነክሼ ሰነዘርኩ። የእጃቸው አንጓ ላይ አረፈ፤ ዱላቸው ወደቀ። እትዬ ዘውዴ ሳቃቸውን አቋረጡ። እኔ ዱላዬን ጥዬ ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ።

ጋሽ ይመር ሄልሜቱን አወለቁ። «ተነስ። ጉልበቴ ደህና ነው፤ የመታኸኝ እጄን ነው።» አንጓቸውን እያሹ ቆዩና ጎንበስ ብለው ዱላውን አነሱ። «ድገም። አንዴ የሆነ ነገር ይጻፋል?»

እስኪመሽ ተፈራረቅን። እኔ ስጀምር አልፎ አልፎ አሸነፍኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን መክተው መለሱልኝ። ለካ የሚያሸንፈው ቀድሞ መጀመሩ አልነበረም፤ ጋሽ ይመር ነበሩ። ያ ያማረ መደምደሚያዬ ፈረሰ። አውጥቼ ጣልኩትና፣ ታናሽ ቀድሞ በማይሰነዝርበት ቤት የተደረገ ሙከራ እንዴት እንዳሳሳተኝ ጻፍኩ። ኔትወርክ ሲመለስ ላክሁት። በረጅሙ አልወጣም፤ በመጽሔቱ መጨረሻ ገጾች ላይ አጭር ማስታወሻ ሆኖ ወጣ። አባቴ ማጠሩን አልወደደውም።

ጋሽ ይመር ግን «ስሜ አለበት?» አሉ።

«አለበት፣ ጋሼ።»

«እንደመታኸኝም ይላል?»

«ይላል።»

«ስንቱን እንደመከትኩብህ ካልጨመርክበት ጎዶሎ ነው።»

ዛሬ የሰው ጽሑፍ ሳነብ ከስህተቱ በፊት የጸሐፊውን ቤት ወግ እፈልጋለሁ፤ ሰው የለመደውን ነገር አያየውምና። ለዚያች ልጅም ይህንኑ ነገርኳት። ከክፍል ስወጣ ለጋሽ ይመር ደወልኩ። ቆርቆሯቸው ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሰማኛል። ብርድ ሲሆን አንጓዬ አንተን ያስታውሰኛል አሉኝ፤ የምር ይሁን ለቀልድ አላውቅም። ምርቃቱ ካለቀ በኋላም ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም። ታላቅ ሳይዘጋ ስልክ ዘግቼ አላውቅም፤ እሳቸውም መጠበቄን ያውቃሉ።

«በል ዛሬ እንኳ አንተ ጀምር» አሉኝ።

ጣቴን ቀዩ ምልክት ላይ አደረግሁ። ዝናቡን ትንሽ አዳመጥኩ።

«ይቅደሙ፣ ጋሼ» አልኩ።

መጀመሪያ ሳቃቸው ተሰማኝ፤ ከዚያ መስመሩ ተዘጋ።